ኦሴጅ ኔሽን መንግስት ነው ወይስ አክሲዮን ማህበር? (ቱልሳ አካባቢ መሬት የምታዩም ግቡ)

ቱልሳዊው
ሰላም ቤተሰብ። ከቱልሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኦሴጅ ካውንቲ ውስጥ 5 ኤከር መሬት እያየሁ ነው፣ ዋጋው አሪፍ ነው፣ ሪልተሯም ጨዋ ናት፣ ግን የታይትል ወረቀቱን ሳነበው ከመሬቱ ስር ያለው ነዳጅና ጋዝ ሌላውም ማዕድን በሙሉ ኦሴጅ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጎሳ ነው ይላል። ሻጩ ራሱ የለውም ማለት ነው፣ እኔም ገዝቼ አይኖረኝም። ሪልተሯን ስጠይቃት እዚህ ካውንቲ ሁሉም እንደዛ ነው አታስብ ብላ አለፈችው። መንገድ ላይ ደሞ የራሳቸውን ታርጋ የለጠፉ መኪኖች አያለሁ፣ ክሊኒክ አላቸው፣ ፖሊስ አላቸው፣ ካዚኖ አላቸው። ስለ ኦሴጆቹ ግድያ የተሰራውን ፊልም እንደ ሰው ሁሉ አይቻለሁ ግን እሱ ስለ 1920ዎቹ ነው፣ ዛሬ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው? ጎሳ? ካውንቲ? ካምፓኒ? ማነውስ የሚያስተዳድራቸው? የሚያውቅ ካለ በናታችሁ።

የካዛንቺስ_ልጅ
5 ኤከር??? እኛ ዲሲ ውስጥ አንድ ባለመኝታ ተከራይተን እያለቀስን ነው አንተ ስለ ምድር ውስጥ ነዳጅ ትጨነቃለህ ሃሃሃ። ግዛና ጥራን።

ሰናይት_ኦኬሲ
ቱልሳዊው ማስተርሴን እዚሁ ኦክላሆማ ስሰራ ወረቀቴ የጎሳ መንግስታት ላይ ስለነበር ትንሽ ላካፍልህ፣ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ኦሴጆች ጥንት የኦክላሆማ ብቻ ሰዎች አልነበሩም። ሚዙሪን አርካንሳስን ካንሳስን አካሎ የሚሄድ ትልቅ አገር ነበራቸው፣ በ1808 በ1818 በ1825 ባስፈረሟቸው ውሎች እየተሸረፈ እየተሸረፈ ካንሳስ ውስጥ ቀሩ፣ ከዛም ሰፋሪው ሲበዛባቸው እንዲለቁ ተደረገ። እዚህ ጋር ግን የነሱን ታሪክ ከብዙዎቹ የሚለየው ነገር አለ። የካንሳሱ መሬታቸው በተሸጠበት ብር በ1872 ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት ቸሮኪ ከሚባሉት ሌላ ጎሳ ላይ ገዙ። ገዙ ነው ያልኩት፣ ማንም አልሰጣቸውም። ዛሬ ኦሴጅ ካውንቲ የምንለው እሱ ነው፣ ዋና ከተማቸውም ፓውሃስካ።

በ1881 ደሞ ህገ መንግስት ፃፉ። የቸሮኪዎቹን አይተው ነው የፃፉት፣ የሚመረጥ አለቃ፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት ሁሉ ነበረው። ስለዚህ ራስን ማስተዳደርን ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የተማሩት ነገር አይደለም። ከዛ በፊትም ቢሆን ህዝቡ በሁለት ትላልቅ ክፍሎች፣ የሰማይና የምድር በሚሏቸው፣ ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ ያለው ስርዓት ነበራቸው። ይሄን የ1881ን መንግስት ዋሽንግተን በ1900 አፈረሰችው፣ ምክንያቱ ብዙ ነው ግን ያኔ የጎሳ መሬት በየግለሰቡ ተሸንሽኖ ጎሳ የሚባለው ነገር እንዲጠፋ ነበር የሚፈለገው፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው ህዝብ ደሞ እንቢ ይላል።

እና በ1906 የድልድሉ ህግ ወጣ። ኦሴጆች ጄምስ ቢግሃርት በሚባል አለቃቸው መሪነት እስከመጨረሻው ተከራክረው ሁለት ነገር አተረፉ። አንደኛ ትርፍ መሬት ተብሎ ለሰፋሪ የተሸጠ የለም፣ ሁሉም ለራሳቸው ተከፋፈለ፣ ለአንድ ሰው 657 ኤከር ገደማ። ሁለተኛው የአንተ ታይትል ላይ ያየኸው ነው፣ የላዩ መሬት ሲሸነሸን የስሩ ማዕድን ግን አልተሸነሸነም፣ የጎሳው የጋራ ሆኖ በፌደራል መንግስት አደራ ስር ቀረ። የጎሳው አባላት መዝገብ ላይ የሰፈሩት 2,229 ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከማዕድኑ ገቢ አንድ እኩል ድርሻ አገኙ፣ ሄድራይት ይባላል። ያ አደራ መጀመሪያ ለ25 ዓመት ነበር የታሰበው፣ እየተራዘመ እየተራዘመ በ1978 ቀነ ገደቡ ተነሳ።

ማሙሽ_ዳላስ
ቆይ ሰናይት አንድ ነገር አልገባኝም፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የተወለደው ልጅስ?

ሰናይት_ኦኬሲ
ማሙሽ ዋናው ቋጠሮ እሱ ነው! መዝገቡ 1907 አጋማሽ ላይ ተዘጋ። ከዛ በኋላ የተወለደ ኦሴጅ ሄድራይት የሚያገኘው ወላጁ ወይ ዘመዱ ሲሞት በውርስ ነው። ህጉ ደሞ አዲስ ምክር ቤት አቋቋመ፣ አንድ ዋና አለቃ፣ አንድ ምክትል፣ ስምንት አባላት፣ ግን መምረጥም መመረጥም የሚችለው ሄድራይት ያለው ብቻ ሆነ። ሴቶችማ ብዙ ዓመት ጭራሽ አይመርጡም ነበር። ድምፁም በድርሻህ ልክ ነው የሚቆጠረው፣ ሩብ ሄድራይት የወረስክ ከሆነ ሩብ ድምፅ። አያቶች ጥለውት የሄዱት ቤት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ልጅ እያለ ሲከፋፈል የመጨረሻው ወራሽ እጅ አንድ በር እንደሚደርሰው ነው፣ ግን እዚህ የሚከፋፈለው ቤት አይደለም የዜግነት መብት ነው።

ታጠቅ_ሲያትል
እሺ ይሄ እኮ አክሲዮን ማህበር ነው ባክሽ፣ ምኑ ነው ሕዝብ? በ1920ዎቹ በዓለም ላይ በነፍስ ወከፍ እነሱን የሚያክል ሀብታም አልነበረም ይባላል፣ ሹፌር ቀጥረው ነበር የሚንቀሳቀሱት። አሁን ደሞ ካዚኖ። እኔ ገንዘብ የሚከፋፈልበት ቦታ ሁሉ ኔሽን ተብሎ ሲጠራ አይገባኝም።

ሰናይት_ኦኬሲ
ታጠቅ ሹፌሩን ካነሳህ ሞግዚቱንም አንሳው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1921 ባወጣው ህግ ገንዘቡን በቅጡ ማስተዳደር አይችልም የተባለ ኦሴጅ የራሱን ብር ለማውጣት ነጭ ሞግዚት ማስፈቀድ ነበረበት። ሄድራይት ደሞ ያኔ ለማንም ይወረስ ስለነበር ኦሴጅ ሴት አግብቶ፣ ቤተሰቧን ጨርሶ፣ ድርሻውን መሰብሰብ ንግድ ሆነ። አና ብራውን በ1921 ተገደለች፣ እህቷ ሪታና ባሏ በ1923 ከነቤታቸው በፈንጂ፣ ከጀርባው የነበረው ዊልያም ሄል የአካባቢው ትልቅ ሰው ነበር። በ1925 ህጉ ተስተካክሎ ግማሽና ከዛ በላይ የኦሴጅ ደም ካለው ሰው ላይ ኦሴጅ ያልሆነ እንዳይወርስ ተከለከለ። ዛሬ ድረስ ግን ከሄድራይቱ ሩብ የሚሆነው ኦሴጅ ባልሆኑ እጅ ነው፣ ቤተክርስቲያንም ዩኒቨርሲቲም የያዙት አለ።

አክሲዮን ማህበር ያልከው ግን አባባሉ ልክ ነው። ልዩነቱ እነሱ አልፈለጉትም፣ ተጫነባቸው። እና የኦሴጅ የመቶ ዓመት ፖለቲካ ባጭሩ ከዚህ አክሲዮን ማህበር ውስጥ ሕዝብን ፈልቅቆ የማውጣት ትግል ነው።

ጋሽ_ስቲልዎተር
ልጆች ደህና አመሻችሁ። እኔ የዓለማያ ተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ሐረማያ የምትሉት። ወጣቶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ያንን ኮሌጅ ያቋቋሙት ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም የመጡ መምህራን ናቸው፣ ጃንሆይም በ1954 በነሱ አቆጣጠር እዚህ ስቲልዎተር ድረስ መጥተው ጎብኝተዋል። በዚያው መስመር ነው እኔም በ70ዎቹ የመጣሁት። ፓውሃስካ ከስቲልዎተር ሩቅ አይደለም።

ዶርም አብሮኝ የሚኖር የኦሴጅ ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ የጎሳው ምርጫ ደረሰና አትሄድም ወይ ብለው እኔማ የምመርጠው እናቴ ስትሞት ነው አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አባቱ ኦሴጅ እናቱ ኦሴጅ፣ ሰኔ ሲመጣ ባህላዊ ጭፈራቸው ላይ ላባውን አድርጎ የሚጨፍር፣ ቋንቋውን ከአያቱ የሚለቃቅም ልጅ፣ እናቱ ካልሞተች ድምፅ የለውም። ኦሴጅ ያልሆነ ዘይት ነጋዴ ግን በግዢም በውርስም ብሎ ከጎሳው ገቢ ይበላል። ይኼ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። እናም አቶ ታጠቅ፣ ሰዎቹ ገንዘብ ይወዳሉ ብሎ መዝጋት ይከብዳል።

የካዛንቺስ_ልጅ
ጋሼ ይሄንን ሳነብ ቀዝቅዣለሁ። እናቴ ስትሞት???

ማሙሽ_ዳላስ
ጋሼ እናመሰግናለን። ሰናይት 2006 ላይ አዲስ ህገ መንግስት አፀደቁ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ምን ሆነ ታዲያ?

ሰናይት_ኦኬሲ
ጋሼ እርሶ ያሉትን ነገር እኔ በወረቀት ነው ያነበብኩት፣ አብሮ አድጎ ከሚያውቅ ሰው መስማት ሌላ ነው።

ማሙሽ ወደ 2006 ከመድረሳችን በፊት አንድ የከሸፈ ሙከራ አለ። በ90ዎቹ መጀመሪያ ሄድራይት የሌላቸው ኦሴጆች የፌደራል መንግስቱን ከሰሱ፣ ፍሌቸር የሚባለው ክስ ነው። የአውራጃው ፍርድ ቤት አዳመጣቸው፣ በሱ መነሻነት ህዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ አዲስ ህገ መንግስት ፀደቀ፣ በ1994 ሁሉም ጎልማሳ ኦሴጅ የመረጠው ብሄራዊ ምክር ቤት ስራ ጀመረ። በአንድ አገር ላይ ሁለት ምክር ቤት ማለት ነው፣ የድሮው ማዕድኑን ይዞ አዲሱ ሌላውን ሁሉ ይዞ። ሶስት ዓመት ሄደ። በ1997 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይሄን የማድረግ ስልጣን የፍርድ ቤት አይደለም፣ የ1906ቱን ህግ መቀየር የሚችለው የአሜሪካ ኮንግረስ ብቻ ነው ብሎ በአንድ ብዕር ሰረዘው። ሰው መርጦ፣ ሰራተኛ ተቀጥሮ፣ ፕሮግራም ተጀምሮ ዜሮ።

ከዛ በቀጥታ ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። ዲሴምበር 2004 ላይ ፐብሊክ ሎው 108-431 ወጣ፣ ያቀረበው የኦክላሆማው ፍራንክ ሉካስ ነው። አጭር ህግ ናት፣ ኦሴጆች አባላቸው ማን እንደሆነና መንግስታቸው ምን እንደሚመስል ራሳቸው የመወሰን መብት አላቸው ብላ የምታረጋግጥ፣ ሄድራይቱን ግን እንዳትነካ ተጠንቅቃ የተፃፈች። በ2005 አስር ሰው ያለው የመንግስት ማሻሻያ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ኮሚሽኑ በየከተማው እየዞረ፣ ከኦክላሆማ ውጭም እየሄደ፣ ሰውን ሰብስቦ አናገረ። የስብሰባዎቹ ጭቅጭቅ ቀላል አልነበረም። የደም መጠን እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ? ሄድራይት ያለው ልዩ ቦታ ይኑረው ወይስ አይኑረው? አለቃና ምክር ቤት ይነጣጠል ወይስ እንደድሮው አንድ ላይ ይቀመጥ?

በመጨረሻ ማርች 11 ቀን 2006 ለድምፅ ቀረበ፣ 1,454 ለ 738 አለፈ። ዜጋ ማለት ከ1906ቱ መዝገብ ሰው የሚወለድ ሁሉ፣ የደም ፐርሰንት የለም። ሶስት ክንፍ ያለው መንግስት፣ 12 መቀመጫ ያለው የራሳቸው ኮንግረስ፣ ፍርድ ቤት። ጂም ግሬይ በአዲሱ ህገ መንግስት የመጀመሪያው ዋና አለቃ ሆነ። የማዕድኑ ነገር ደሞ ስምንት አባል ላለው የማዕድን ምክር ቤት ተሰጠ፣ እሱን የሚመርጡት አሁንም የሄድራይት ባለቤቶች ናቸው። የኮንግረሱን ሁለት መደበኛ ጉባኤዎች ጥንት ህዝቡ በተከፈለባቸው በሁለቱ ክፍሎች ነው የሰየሟቸው፣ የፀደዩ ሁንካህ የመኸሩ ጺዦ። እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ጋሼ ደሞ ይሄን ይወዱታል ብዬ ነው።

ታጠቅ_ሲያትል
እኔ አሁንም አልተመቸኝም። ዋሽንግተን በ1900 አፈረሰች፣ በ1906 ሌላ ሰራች፣ በ1997 ፍርድ ቤቷ ሰረዘ፣ በ2004 ፈቀደች። በሰው ፈቃድ የምትቆም ከሆነ ምኑ ላይ ነው ሉዓላዊነቱ? ነገ ሌላ ህግ አውጥታ ብታነሳውስ? እና 738 ሰው እኮ አይሆንም ብሏል፣ ትንሽ አይደለም።

ሰናይት_ኦኬሲ
738ቱን ቀላል አድርጌ አላያቸውም። ሄድራይት ያላቸው ሰዎች ፍርሃት ግልፅ ነው፣ ነገ ሄድራይት የሌለው ብዙሃን ኮንግረስ ውስጥ ገብቶ የአያቶቻችን ደም የፈሰሰበትን ገንዘብ ለመንግስት በጀት ቢያውለውስ ነው። በ1920ዎቹ ለዛች ድርሻ ሲባል ዘመድ የተገደለበት ሰው ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም። ለዚህ ነው የማዕድን ምክር ቤቱ በህገ መንግስቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው። በ2011 ደሞ የፌደራል መንግስት አደራውን በአግባቡ አልያዘም ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ 380 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል ብሩ ለሄድራይት ባለቤቶች ነው የተከፋፈለው፣ ለኔሽኑ ካዝና አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው እስካሁን ቆሟል።

የመጀመሪያውን ጥያቄህን በተመለከተ የ2004ቱ ህግ እሰጣችኋለሁ አይልም፣ ያላችሁን መብት አረጋግጣለሁ ነው የሚለው። ለህግ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ታጠቅ_ሲያትል
ለህግ ሰው። ለፖሊስስ?

ሰናይት_ኦኬሲ
እሱን ስትል አንድ ነጥብ ሰጥቼሃለሁ። በ2010 ኦሴጅ ኔሽን ኢርቢ ከምትባል የኦክላሆማ ግብር ባለስልጣን ጋር በተከራከረበት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሪዘርቬሽናችሁ (ለጎሳው የተከለለው ግዛት) በ1906ቱ ህግ ፈርሷል አላቸው። ጉዳዩ የተነሳው በገቢ ግብር ነበር፣ ለኔሽኑ የምትሰራና እዛው ካውንቲ ውስጥ የምትኖር ኦሴጅ ለኦክላሆማ ስቴት ግብር ትክፈል ወይስ አትክፈል። ትክፈል ሆነ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላየውም። በ2020 ሙስኮጊ የሚባሉት የሌላ የኦክላሆማ ጎሳ ሪዘርቬሽን አልፈረሰም ሲባል ታዲያ ኦሴጆች ምን ያህል እንደተናደዱ አስበው፣ ጎረቤትህ ሲመለስለት የአንተ ፍርድ እዛው ተገትሮ። አሁንም ያንን ለማስለወጥ ይታገላሉ።

ቱልሳዊው
ወገኖቼ ትምህርት ቤት ሆነ ይሄ ቤት፣ ግን የኔን ነገር አትርሱ፣ ጓሮዬ መጥተው ይቆፍራሉ ወይስ አይቆፍሩም??

አለማየሁ_ታይትል
ሪል ስቴት ታይትል ላይ ነው የምሰራው። ባጭሩ፣ ከማዕድን ምክር ቤቱ ሊዝ የያዘና በፌደራል የኢንዲያን ጉዳዮች ቢሮ የፀደቀለት ካምፓኒ ነዳጁን ለማውጣት የሚያስፈልገውን ያህል የላዩን መሬት መጠቀም ይችላል፣ ለሚያበላሸው ይከፍልሃል። በተግባር 5 ኤከር የመኖሪያ ቦታ ላይ የሚመጣ ብዙ የለም። ካሳሰበህ የሚያሳስብህ ድሮ ተቆፍሮ በወጉ ያልተደፈነ ጉድጓድ ነው፣ ካውንቲው በሱ የተሞላ ነው፣ ከመግዛትህ በፊት በደንብ አስፈትሽ።

ቤት ልሰራ መሰረት ብቆፍርስ ካልክ ችግር የለውም። የነፋስ ተርባይኖቹ ክርክር ላይ ፍርድ ቤቱ ለይቶታል። አንድ ካምፓኒ ከባለመሬቶች ተከራይቶ 84 ተርባይን ተከለ፣ ለመሰረቱ የቆፈረውን ድንጋይ ግን ፈጭቶ መልሶ ለሙሌት ተጠቀመበት። ኦሴጆቹ ድንጋዩ የኛ ማዕድን ነው ሊዝ አልያዝክም አሉ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አዎ ማዕድን ማውጣት ነው አለ፣ በ2023 መጨረሻ ላይ ደሞ ተርባይኖቹ እንዲነሱ ተፈረደ። 84ቱም። ዝም ብሎ መቆፈር ግን ማዕድን ማውጣት አይባልም ተብሏል፣ ያወጣኸውን ለይተህ ፈጭተህ ስትጠቀምበት ነው ጣጣው።

የካዛንቺስ_ልጅ
84 ተርባይን በድንጋይ ምክንያት! ታጠቅ ስልጣን የላቸውም አላልክም? ሃሃሃሃ

ጋሽ_ስቲልዎተር
ስለ ስልጣን ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ መንግስት መሆናቸውን የተቀበልኩት የካዚኖ ህንፃ አይቼ አይደለም። በ2014 መጀመሪያ ላይ የራሳቸው ኮንግረስ የራሳቸውን ዋና አለቃ፣ ጆን ሬድ ኢግልን፣ ከሶ ሰምቶ በድምፅ ከስልጣን አወረደው። ጥይት አልተተኮሰም፣ ዋሽንግተን አልተጠራችም። ምክትሉ ተተካ፣ በዚያው ዓመት ምርጫ ተደረገ፣ ጄፍሪ ስታንዲንግ ቤር ገባ፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመረጠ። ስምንት ዓመት የሆነው ህገ መንግስት አለቃ አውርዶ ቀጥ ብሎ መቆሙ እኔን አስገርሞኛል።

መሬቱንም እየመለሱት ነው። በ2016 የቴድ ተርነርን 43,000 ኤከር እርሻ በ74 ሚሊዮን ዶላር ገዙት፣ ዛሬ ጎሽና ከብት ያረቡበታል። እንግዲህ በ1872 የገዙትን መሬት ሁለተኛ ሲገዙት ነው።

ማሙሽ_ዳላስ
እኔ የምወድላቸው ፊደሉን ነው። ቋንቋውን ከልጅነታቸው የተናገሩት የመጨረሻዋ ሴትዮ በ2005 ነው ያረፉት፣ በማግስቱ 2006 ላይ ኸርማን ሞንግሬይን ሉካውት የሚባሉት የቋንቋ መምህራቸው ራሱን የቻለ ፊደል ቀረፁ፣ በ2016 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጠቀሙበት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ ገባ፣ ስልክ ላይ ትፅፍበታለህ። ፓውሃስካ የመንገድ ምልክቶች ላይ አይቼዋለሁ። ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ አልወጣ ብሎ በየካምፓኒው ሶፍትዌር የተሰቃየን ትውልድ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ልጆቹን በቋንቋው የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አላቸው።

ታጠቅ_ሲያትል
ፊደሉ ደስ ይላል እሱን አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ፣ ዜጋ የትውልድ ሀረግ ብቻ ከሆነ ካሊፎርኒያ ተወልዶ ፓውሃስካን በካርታ እንኳን የማያውቀው ሰው እኩል ይመርጣል?

ሰናይት_ኦኬሲ
ይመርጣል፣ በፖስታ። አብዛኛው ዜጋ የሚኖረው ከካውንቲው ውጭ ነው፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ብዙ አሉ። 12ቱ የኮንግረስ አባላትም በወረዳ አይደለም የሚመረጡት፣ ሁሉም በሁሉም ዜጋ ነው። የኮሌጅ ስኮላርሺፑና የጤና ድጎማው ካርድም የትም ብትኖር ይደርስሃል። በየምርጫው የሚነሳ ንትርክ ነው፣ እዚህ ያለው ክሊኒክና መንገድ ቤትም ይሰራልን ይላል፣ ሩቅ ያለው ስኮላርሺፑን አትንኩብኝ ይላል።

ታጠቅ_ሲያትል
እንግዲያው ክሊኒኩ አጠገብ የሚኖረው ነው የሚጎዳው። እኔ ብሆን ቢያንስ ግማሹን ወንበር ለነዋሪው አደርገው ነበር።

ጋሽ_ስቲልዎተር
አቶ ታጠቅ፣ ሩቅ ያሉት እኮ ጠልተው የሄዱ አይደሉም። የላዩ መሬት ለግለሰብ ሲሰጥ መሸጥ ተፈቀደ፣ በዕዳውም በማጭበርበሩም በሞግዚቱም እጅ መሬቱ ወጣ፣ በኋላም ስራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። የዶርም ጓደኛዬም ሎስ አንጀለስ ነው የኖረው። ለወንበሩ ነዋሪ ይቅደም ብትሉ መሬቱን የሸጡለት ሰው ልጅ ከካውንቲው አልወጣም፣ እሱ ግን ኦሴጅ አይደለም።

ታጠቅ_ሲያትል
ጋሼ የተሰደደበትን ምክንያት አልካድኩም፣ እኔም ከሲያትል ሆኜ ነው የማወራው። ግን ምክንያቱ ትክክል ስለሆነ ውጤቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ክሊኒኩ ሶስት ሰዓት ሲያስጠብቅ የሚጠብቀው ፓውሃስካ ያለው ነው።

ሰናይት_ኦኬሲ
ሁለታችሁም የምትሉትን ቃል በቃል ኮንግረሱ ላይ ትሰሙታላችሁ፣ ስብሰባውን በኢንተርኔት ያስተላልፉታል። ሴፕቴምበር ላይ የጺዦው ጉባኤ ይጀመራል፣ በጀት የሚፀድቀው ያኔ ነው፣ ስኮላርሺፑ ላይ ሲደርሱ ሊንኩን እዚህ እለጥፈዋለሁ።